ውሃ የጠጣ ቋጠሮ

ባለፈው ወር ልጄን ለመጠየቅ ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ በሚኒባስ ስጓዝ፣ ለዕድሜዬ ክብር ሲባል ከሾፌሩ አጠገብ ያለው የፊት ወንበር ተለቀቀልኝ። ሾፌሩ ሥራውን የሚያውቅ፣ ምላሱም ከእጁ የማያንስ ጎልማሳ ነበር። ከመናኸሪያው ስንወጣ የደህንነት ቀበቶውን ሳብ አድርጎ በትከሻው ላይ አሳለፈና ጫፉን ከጭኑ ሥር ወሸቀው፤ ለትራፊክ ፖሊስ ዓይን የታሰረ ይመስላል፣ ነገር ግን አልታሰረም። ከኋላ የተቀመጠ አንድ መምህር ይህን አይቶ ዝም ማለት አልቻለም፤ የሚያታልለው ፖሊሱን ሳይሆን ራሱን መሆኑን በጨዋ አነጋገር ነገረው። ሾፌሩም የአጎቱ ልጅ መኪናው ወንዝ ገብቶ ቀበቶው አልለቅ ብሎት መሞቱን፣ ሌላው ሰው ሁሉ ዘሎ ሲወጣ እሱ ብቻ በወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ መገኘቱን አወራ። «የታሰረ ሰው የዕርድ በግ ነው» አለ። መምህሩ ደግሞ በመስታወት ወጥተው አስፋልት ላይ የቀሩትን በስም ይጠራ ጀመር። ከመጨረሻው ወንበር አንዲት እናት አላህ ከጻፈው የሚያድን ማሰሪያም የሚገድል ማሰሪያም እንደሌለ ተናግረው ሊያስታርቋቸው ሞከሩ፤ የሰማቸው የለም። በመጨረሻ ሾፌሩ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «ፋዘር፣ እርስዎ ብዙ አይተዋል፤ እስቲ ይፍረዱን» አለኝ። እኔ የዘቢዳርን ተራራ እያየሁ ጆሮዬ እንደማይሰማ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ጆሮዬ ደህና ነው። ይህ ክርክር ግን ከስድሳ ዓመት በላይ ሲከተለኝ ኖሯል፤ ደክሞኛል።

ወልቂጤን መጀመሪያ ያየሁት በእግሬ ተጉዤ ነው። ጊዜው ጣሊያን አገሩ ላይ የተቀመጠበት ጊዜ ነበር፤ ዓመቱን በትክክል መናገር እችላለሁ፣ ዓመቱ ግን ለዚህ ወግ አይጠቅምም። የሚጠቅመው፣ ዛሬ ባጃጆች ተደርድረው መንገደኛ የሚሻሙበት ስፍራ ያን ጊዜ የተጋጠ ሣር መሆኑ፣ በሣሩም ዳር ጥቂት የቆርቆሮ ጣሪያዎች ብቻ መብለጭለጫቸው ነው። አባቴ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ደብተራ ነበሩ፤ ቡታጅራ ላይ የሰው ልጅ ሲያስተምሩ ኖረው እዚያው አረፉ፤ እናቴንና እኔን ብቻ ተዉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። እናቴ የሰፋችልኝን የአቡጀዲ እጀ ጠባብ ለብሼ፣ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ተጫምቼ፣ ጋራውን በሁለት ቀን ተሻገርኩ። በመካከሉ ያደርኩት በጀፎሮ ዳር ባለ አንድ ቤት ነው። ያን ሰፊና ለምለም የመንደር መንገድ ያላየ ሰው፣ ሣር የለበሰ ጎዳና እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ሊገባው አይችልም፤ ቤቶቹ ከግራና ከቀኝ እንደ ሹማምንት ቆመው መንገደኛውን ያሳልፉታል።

ገበያው ዛሬም ሽታው ይመጣብኛል፤ የእርጥብ ቆጮ፣ የቅቤና የአዲስ ቃጫ ሽታ። አንድ ጥቅል ቆጮ በሁለት መሐለቅ ይገኝ ነበር፤ በአንድ ጠገራ ብር ደህና በግ ይገዛ ነበር። ነጋዴዎቹ ሴቶች የጣሊያንን የወረቀት ሊሬ እንደ ጎመን ቅጠል አገላብጠው አይተው ለባለቤቱ ይመልሱታል፤ ጠገራውን ግን ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን ያዳምጣሉ፣ ድምፁ ካማራቸውም በመቀነታቸው ቋጥረው ፈገግ ይላሉ። ካኪ ቁምጣ የለበሰ ሰው ከሩቅ ከታየ ገበያተኛው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ቁምጣው ካለፈ በኋላ ጨዋታው ከተቋረጠበት ይቀጥላል። እኔም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ካኪ ቁምጣ ለበስኩ። ለእኔም ድምፅ ዝቅ ይደረግ እንደነበረ አሁን አስታውሳለሁ፤ ያን ጊዜ ክብር መስሎኝ ነበር።

ሥራው ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚወርደውን መንገድ መቁረጥ ነበር፤ እኔ የደረስኩት መንገዱ የጊቤን ገደል ሲጀምር ነው። ማንበብና መጻፍ ስለምችል ስም ጠሪ ሆንኩ። አለቃችንን ሠራተኛው ሁሉ «ካፖ» ይለው ነበር፤ አጭር፣ አንገቱ በፀሐይ የቀላ፣ በአገሩም ግንበኛ የነበረ ሰው ነው። ክፉ ነበር ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። ሰውን በእጁ ሲመታ አላየሁትም፤ የሚያስመታው በሌላ ሰው እጅ ነበር። ማታ ማታ ከድንኳኑ አንዲት ሴት የምትዘፍንበትን ሸክላ ያጫውታል፤ ቃሉን ባናውቀውም ሐዘኑ ይገባን ነበር። እኔን የጣሊያንን ቁጥርና ጥቂት ቃላት አስተማረኝ፤ ለመልእክትና ለትርጉምም ይጠቀምብኝ ጀመር።

ሠራተኞቹ ከገደሉ ፊት ላይ በእንጨት ርብራብ ቆመው፣ ለድማሚት የሚሆን ቀዳዳ በብረትና በመዶሻ ይበሱ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማንም የሚታሰርበት ነገር አልነበረውም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰዎች ወደቁ። ከሁለቱ አንደኛው የሽኩር ታላቅ ወንድም ነበር፤ ሽኩር የቡታጅራ ሰው፣ ገመድ ፈታይ፣ ዕድሜው ሠላሳ ገደማ የሆነ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ካፖውን ከበላይ ተቆጡት መሰለኝ፣ ደንብ ወጣ፤ በወገቡ ገመድ ያልታሰረ ሰው ገደሉ ላይ አይወርድም፣ ስሙም አይጠራም። የገመዱ ሌላ ጫፍ ከገደሉ አናት ላይ በተተከለ የብረት ካስማ ይታሰራል። ቋጠሮውን ካፖው ራሱ አስተማረኝና ማሰሩ የእኔ ሥራ ሆነ። ከእጄ የወጣ ቋጠሮ አንድ ቀን እንኳ ላልቶ አያውቅም። በመርከብ የመጣው ገመድ ሲያልቅ የእንሰት ቃጫ ገመድ በቦታው ተተካ፤ ፈታዩም ሽኩር ነበር፤ ጠዋት ይፈትላል፣ ከሰዓት በኋላ ከሌሎቹ ጋር ይወርዳል።

እዚህ ላይ ስለ ቢላ መናገር አለብኝ። የጉራጌ ሰው ቢላውን ከወገቡ አይለይም፤ ቆጮ የሚቆርጠው፣ ልጥ የሚልጠው፣ ጠፍር የሚያበጀው በሱ ነው። ካምፑ ሲገባ ግን በር ላይ ሁሉም ቢላውን ያስረክባል። ምክንያቱን መናገር አያስፈልግም፤ በሰው አገር የተቀመጠ ሰው የታጠቀ ሠራተኛ አይወድም። በገደሉ ላይ የነበረችው ቢላ አንዲት ብቻ ነበረች፤ የገመድ ትርፍ የምቆርጥባት፣ በእኔ ስም የወጣች፣ ማታ ማታ ለካፖው የምመልሳት። በሥራ ላይ ያለ ገመድ ያለ ካፖው ፈቃድ የቆረጠ ሰው ምን እንደሚደርስበት ተነግሮኛል። ቢላዋን በወገቤ ሻጥ አድርጌ ስሄድ፣ የእናቴ ልጅ ሰው ሆኖ የታየ ይመስለኝ ነበር።

ስለ ገመዱ ክርክሩን የጀመሩት ጋሽ ዘርጋ ናቸው። ከቸሃ የመጡ የቤት ክዳን ሊቅ ነበሩ፤ ሃምሳ ያለፋቸው፣ ረጅም፣ ነገር ሲናገሩ እንደ ሣር ነዶ አስረው የሚያቀብሉ። በክዳን ሥራ ገመድ በእጅ ይያዛል እንጂ በወገብ አይታሰርም ይሉ ነበር፤ ሣሩ ሲንሸራተት ከዳኙ ገመዱን ይለቅና ከሣሩ ጋር ወርዶ በእግሩ ይቆማል፤ የታሰረ ከሆነ ግን ተንጠልጥሎ ራሱን ከግድግዳ ያጋጫል። ገደሉም ከላይ ድንጋይ ሲለቅ ሰው የሚድነው ሸሽቶ ነው፤ የታሰረ ሰው ወዴት ይሸሻል? ምሳ ላይ ይህ ክርክር ከቆጮው ጋር ይቀርብ ጀመር። ግማሹ ከዘርጋ፣ ግማሹ ከሽኩር ጋር ሆነ። ሽኩር እጅ ይደክማል፣ ወገብ ግን አይደክምም ሲል ጋሽ ዘርጋ፣ «አንተማ ገመድ ፈታይ ነህ፤ ሥራ እንዳይቀርብህ አንገታችንንም ታስራለህ» ብለው ሰዉን ያስቁበታል። አንድ ቀን ሽኩር አብሮ ስቆ ከጨረሰ በኋላ ረጋ ብሎ መለሰላቸው።

«ጋሽ ዘርጋ፣ እርስዎ የሚወድቁት ከሣር ላይ ነው። ከሣር የወደቀ አቧራውን አራግፎ ይነሳል። ከዚህ የወደቀውን ወንድሜን ግን በጋቢ ለቅሜዋለሁ።»

ከዚህ በኋላ ለጥቂት ቀናት የሳቀ አልነበረም። ጋሽ ዘርጋ ግን ነገራቸውን አልተዉም። አንድ ጠዋት ጠሩኝና በሽኩር ገመድ የመዶሻ እጀታ ላይ ምርጥ ቋጠሮዬን እንዳስር አዘዙኝ፤ አሰርኩ። እሳቸውም ገመዱን ከነመዶሻው የመጠጥ ውሃ በርሜል ውስጥ ነከሩትና ወደ ሥራቸው ሄዱ። ምሳ ላይ አውጥተው በሰው ሁሉ ፊት አቀበሉኝና ፍታው አሉኝ። ቃጫ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ የጨበጠውንም አይለቅም። በጣቴ ሞከርኩ፣ በጥርሴ ሞከርኩ፣ ጥፍሬ ተሰብሮ ደማ። «ጎሽ፣ የደብተራ ልጅ» አለ አንዱ ከኋላ፣ «በግዕዝ እዘዘው እንጂ።» ሁሉም ሳቁ፤ ሽኩር ብቻ ገመዱን ተቀብሎ አገላበጠው። ገመዱን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ስለነበረ የዘርጋ ነገር እውነት መሆኑ ገብቶታል።

ጋሽ ዘርጋም ወደ ካፖው ወሰዱኝና እንዳስተረጉምላቸው ጠየቁኝ። ገመዱን እንደማይጠሉት፣ ቢላቸው ከተመለሰላቸው ግን ታስረው እንደሚወርዱ፣ ሌላውም ሰው ቢላውን ከያዘ ክርክሩ እንደሚያበቃ ተናገሩ። በታማኝነት ተረጎምኩ። ካፖው ሳቀ፤ በእጁም ወገቤን መታ መታ አድርጎ አንድ ቢላ ይበቃል፣ እሷም በዚህ ጎበዝ እጅ ናት አለ። ይህንንም በታማኝነት ተረጎምኩ፤ ፊቴን ግን ደስታ እንዳይታይበት መከልከል አልቻልኩም። ጋሽ ዘርጋም ይህን አዩ።

«እንግዲያው ቢላዬ አንተ ነህ» አሉኝ። «ጆሮህን አጥራ።»

ክረምቱ በዚያ ዓመት ቀደም ብሎ ገባ። ጊቤ ከታች እንደ ጭቃ ይፈላ ነበር፤ ጉማሬዎቹ እንኳ ድምፃቸውን አጥፍተዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ የዋለው ዝናብ በረታ። ገደሉ ላይ የነበሩት አብዛኞቹ ወጥተው፣ ጋሽ ዘርጋና ሽኩር የጀመሩትን ቀዳዳ ለመጨረስ ቀርተዋል። ድንገት የቆሙበት ርብራብ ከሥሩ ተነቀለ። ሁለቱም ወደቁ፤ ሁለቱንም ገመዱ ያዛቸው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ገመዱ ባይኖር ኖሮ ሁለቱም በዚያች ቅጽበት ጊቤ ውስጥ ነበሩ። ሽኩር የተንጠለጠለው ገደሉ ሆዱን በገፋበት በኩል ስለነበረ ከላይ የሚመጣ ነገር አያገኘውም። ጋሽ ዘርጋ ግን ውሃው በሚወርድበት ስንጥቅ ትይዩ ነበሩ፤ ስንጥቁም ድንጋይ መትፋት ጀመረ። አናት ላይ ከእኔ ጋር የነበሩት ሰዎች መሬቱ ሲንቀሳቀስ አይተው ሸሹ። እኔ ቀረሁ፤ ይህ ጀግንነት አይደለም፣ እግሬ አልታዘዘኝም።

ከጋሽ ዘርጋ እግር በታች፣ አንድ የሰው ቁመት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ሰው የሚያስቆም እርከን ነበር፤ ከእርከኑ ጀርባም ዋሻ መሰል መከለያ። አሁን ገመዱ ቢለቃቸው እዚያ ይገባሉ። በሁለት እጃቸው ቋጠሮውን ሲታገሉ አየኋቸው፤ ቋጠሮው የእኔ ነበር፣ ዝናቡንም ጠጥቷል። ቀና ብለው ጠሩኝ። «ቁረጠው!» አሉኝ፤ እርከኑንም በእግራቸው አሳዩኝ። ቢላዋ በእጄ ነበረች። የሰው ገመድ ብቆርጥና ቢወድቅ ገዳዩ እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ፤ ያለ ፈቃድ ብቆርጥ የሚደርስብኝንም አሰብኩ። ሁለተኛ ጠሩኝ። ወደ ካፖው ድንኳን ዞርኩ፤ በዝናቡ ውስጥ ድንኳኑ አይታይም። «ይቆዩ፣ ላስፈቅድ!» ብዬ ጮህኩ። ሦስተኛ ሲጠሩኝ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ከዚያ ስንጥቁ አንድ ትልቅ ድንጋይ ለቀቀ።

በኋላ ነፃነት ተመልሶ በመንግሥት ሥራ ሠላሳ ስድስት ዓመት አገለገልኩ፤ በመጀመሪያ በወልቂጤ፣ ከዚያ በቡኢ፣ በመጨረሻም በቡታጅራ። ጠረጴዛዬ ንጹሕ፣ መዝገቤ ያልተፋቀ ነበር። ባለጉዳይ ቀርቦ ጉዳዩ ከእኔ በላይ ሲሆንብኝ «ይቆዩ፣ ላስፈቅድ» እለዋለሁ፤ ትክክለኛው አሠራርም ይኸው ነው። ነገር ግን ያን ቃል በተናገርኩ ቁጥር እስኪርቢቶዬን አስቀምጬ ጥቂት ጊዜ እጄን እመለከት ነበር። የበታቾቼ ይህን ልማድ የጥንቃቄ ምልክት አድርገው ይወስዱት እንደነበረ ሰምቻለሁ።

ሽኩርን በገመዱ ስበን አወጣነው፤ ጋሽ ዘርጋን ከገደሉ አናት ላይ ቀበርናቸው። በማግስቱ እሑድ ነበርና ሠራተኛው በአንድ የብሳና ዛፍ ሥር ለሸንጎ ተቀመጠ፤ ጉራጌ በሄደበት ሁሉ ሽማግሌውንና ሸንጎውን ይዞ ይሄዳል፣ በጣሊያን ካምፕ ውስጥ እንኳ። የሚፈረደው ነገር አንድ ነበር፤ ከነገ ጀምሮ ሰው ታስሮ ይውረድ ወይስ ሳይታሰር? የሸንጎው መሪ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ድምፃቸው ግን እንደ ደወል የጠራ ሽማግሌ ነበሩ። መጀመሪያ እኔን አስነሱኝና ሟቹ ጠርተውኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ዝናቡ ይጮህ እንደነበረ ተናገርኩ። ዝናቡን እንዳልጠየቁኝ አስታወሱኝ። እኔም፣ «አልሰማሁም» አልኩ።

ቀጥሎ ሽኩር ተነሳ። እሱ ከጋሽ ዘርጋ ጥቂት ክንድ ርቆ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ሦስቱንም ጥሪ፣ የእኔንም መልስ ሰምቷል። በዚያን ቀን የሚናገረው ቃል ለእሱ የወንድሙ ሙግት ነበር። ጥፋቱ የገመዱ ሳይሆን የባለ ቢላው ነው ቢል ክርክሩን ያሸንፋል፤ ሰዉም በማግስቱ ታስሮ ይወርዳል። ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። ከዚያ፣ ድንጋዩ ሲወርድ ሌላ ድምፅ እንዳልሰማ ተናግሮ ተቀመጠ። ሸንጎውም ዘርጋን የገደለው ገመዱ ነው ብሎ ፈረደ። ካፖው ደንቡን ለማስከበር ጥቂት ፎከረ፤ ነገር ግን ሠራተኛ እንዳይበተንበት ፈርቶ ነገሩን እንዳላየ አለፈው። በማግስቱ ጠዋት ሰዎቹ ወገባቸው ባዶ ሆኖ ወረዱ፤ ሽኩርም ከእነርሱ ጋር። ለብቻው እንዲታሰር ለመንኩት። ሸንጎ ከፈረደ በኋላ ለብቻው የሚታሰር ሰው ሌላውን ሞኝ ማለቱ እንደሆነ ነግሮኝ ወረደ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ በርጋ የሚባል፣ ሚስት ካገባ ገና ዓመት ያልሞላው፣ ሲሠራ የክዳን ዘፈን የሚያወጣ ወጣት ወደቀ። ዝናብ አልነበረም፤ ድንጋይም አልወረደም። ፀሐይ ወጥታ ነበር። እግሩ ብቻ አዳለጠው። ማንኛውም ገመድ ይይዘው ነበር፤ ያረጀ፣ የበሰበሰ ገመድ እንኳ። በዚያ ጠዋት ስሙን ስጠራው «አቤት» ብሎኝ ነበር።

ከቀብሩ ስንመለስ ሽኩር ከኋላዬ ደረሰብኝና ጎን ለጎን ሄድን። ሸንጎው ላይ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅሁት። እናቴን ቡታጅራ ላይ እንደሚያውቃት፣ ጎረቤት እንደሆነች፣ ከእኔ ሌላ ልጅም እንደሌላት፣ የዘርጋ ዘመዶችም በዚያች ዕለት ደማቸው ትኩስ እንደነበረ ነገረኝ። ወላሂ ያደረገው ለእሷ ሲል እንጂ ለእኔ እንዳልሆነ ጨመረ። ከዚያ ቆመ።

«ወንድሜን ያለ ገመድ ቀበርኩት» አለኝ። «ጋሽ ዘርጋን በገመድ ቀበርናቸው። በርጋን ግን የቀበርነው አንተና እኔ ነን።»

ያንን ሌሊት አልተኛሁም፤ ስለ እንቅልፍ ማጣት የሚጻፈውን ሁሉ ሌሎች ጽፈውታል። እሑድ ሲደርስ ከብሳናው ሥር ሳይጠሩኝ ተነሳሁ። እጄን ግንዱ ላይ አሳረፍኩ። ጠርተውኝ እንደነበረ፣ መስማቴንም ተናገርኩ። የጋሽ ዘርጋ የእህት ልጅ የሆነ አንድ ጎልማሳ ሲነሳ፣ በሁለት ጎኑ ያሉት ሰዎች ልብሱን ይዘው አስቀመጡት። ሽማግሌው አልተቆጡም።

«ስንት ጊዜ ጠራህ?» አሉኝ።

«ሦስት ጊዜ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ላስፈቅድ አልኳቸው።»

ከኋላ በኩል አንድ ሰው ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ የደከመው ሰው ሳቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ሲመክሩ ፀሐይዋ ከብሳናው አንዱ ጎን ወደ ሌላው ዞረች። የደሙን ነገር ወደ ዘርጋ ቤት ሽማግሌ ልከው ለመጨረስ ወሰኑ፤ ይህም በኋላ በወጉ ተፈጽሟል፣ ከልጆቻቸውም ጋር በአንድ ማዕድ ቆርሰናል። ለገመዱ ግን ሌላ ፍርድ ሰጡ። ቢላዋ ከእኔ እጅ ወጥታ ለሽኩር ትሰጥ፤ እሱ ከላይ ይቁም። እኔ ደግሞ ስም ጠርቼ ስጨርስ ታስሬ ልውረድ፣ ጋሽ ዘርጋ በነበሩበት ቦታ ልዋል። ሰዉም ይህን አይቶ ለመታሰር ወይም ላለመታሰር ለራሱ ይወስን።

በማግስቱ ጠዋት ቢላዋን በጋቢዬ ሸፍኜ ለሽኩር አቀበልኩት፤ ብንያዝ ሁለታችንም ወዴት እንደምንሄድ እናውቅ ነበር። ቋጠሮዬንም ያሰረልኝ እሱ ነው። ካፖው ገደሉን እንደምወርድ ሲያይ ወባ የነካኝ መስሎት ግንባሬን ዳሰሰኝ፤ ሳቀና ሄደ። ሰዎቹ ከአናት ላይ ተደርድረው፣ ወገባቸው ገና ባዶ፣ ይመለከቱ ነበር። ወረድኩ። መዶሻውን በቅጡ መያዝ እንኳ አልችልም ነበር። ማካፋት ሲጀምር ገመዱ ከወገቤ ላይ ቀስ በቀስ እየጠበበ መጣ፤ በጣቴ ዳሰስኩት፣ ቋጠሮው እንደ አጥንት ጠንክሯል። ከበላዬ ስንጥቁ ጥቂት ጠጠር ለቀቀና ትከሻዬን መታኝ። ቀና ስል ካስማውም፣ የተደረደሩት ሰዎችም አልታዩኝም፤ ከገደሉ ከንፈር ላይ የታየኝ የሽኩር ፊት ብቻ ነበር፣ ዝናቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ።

«ሽኩር» ብዬ ጠራሁት።

«አለሁ» አለኝ፤ ሁለተኛ አልጠራሁትም።